ያልፈረምኩት ማመልከቻ

ልጄ፣ የወጣሽበት ደጅ በሰላም ይመልስሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የቀድሞ ባልሽ ከእስር ከወጣ ወዲህ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ይለያል። አሁን ሰው ደብድቦ የተፈረደበት በመንግሥት ሥራ አይቆይም የሚል ደንብ ወጥቷል። ትናንት ጉዳዩን ለሚያየው ኮሚቴ የሚያቀርበውን ማመልከቻ ይዞ መጣና፣ «እማማ፣ ቤተሰቡ ይቅር ብሎታል ብለው ይፈርሙልኝ» አለኝ። የሰበረውን ክንድሽን «ትንሽ አለመግባባት» ብሎ ጽፎታል። እንደ ተማሪ ደብተር በቀይ ሰርዤ፣ «ክንዷን ሰብሬያለሁ» ብዬ አርሜ፣ ሳልፈርም መለስኩለት። ሳይቆጣ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ይረጋጉና ያስቡበት፤ እመለሳለሁ» አለ።

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሩን ቆልፌም እንደገና እነካዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ወደዚያ የምትመጣው ጎረቤታችን ነርሷ በእጇ ትሰጥሻለች። ኮሚቴው እስኪወስን የሚመጣው ፖስታ ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። እባክሽ፣ ስትጽፊልኝ አድራሻሽን ፖስታው ላይ አታስፍሪ።

አምላክ የጠገነልሽን ክንድ ያጽናልሽ።

እናትሽ