ጨለማዬ ይመለስልኝ

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን
ባሉበት

ክቡር ዲን፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ዐይንዎን ደህና ያድርግልን ስል ከልቤ እመኛለሁ። ጉልበትዎን ያነሣሁት እንዲያው ለወጉ ያህል አይደለም። ባለፈው የመመረቂያ ትርኢታችን ላይ ከፊት ረድፍ ወንበርዎ በምን ያህል ፍጥነት ብድግ እንዳሉ አዳራሹ በሙሉ ስላየ፣ ይህ ቅልጥፍና እንዳይለይዎት መመኘት የተማሪነት ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በቅድሚያ ራሴን ላስተዋውቅ። በቲያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስሆን የማጠናው የመድረክ መብራት ነው። የትምህርት ክፍላችን ከመጋዘኑ ጀርባ የሚገኘው፣ ግማሾቻችን ትወና፣ ግማሾቻችን ደግሞ የመድረክ ግንባታ፣ አልባሳት፣ ድምፅና መብራት የምንማርበት፣ እንግዳ ሲመጣም “እነዚህ ደግሞ የሚጫወቱት ናቸው” ተብለን በአንድ ዐረፍተ ነገር የምንታለፍበት ክፍል ነው። መብራት መማሬን የሰማ ዘመድ ሁሉ የቤቱን ሶኬት ያሳየኛል። አክስቴማ ቆጣሪዋ የሚፈጥንባት ለምን እንደሆነ ተመርቄ እንድነግራት ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ በትዕግሥት እየጠበቀችኝ ነው። ልብስ ሰፊው አባቴ ብቻ ምንም አልጠየቀኝም። ልጁ ምን እንደምትማር በትክክል ባይገባውም፣ ሰው ሲጠይቀው “መብራት” ይልና ወሬውን ወደ ሌላ ያዞራል። እኔም ትርኢቱን ስታየው ይገባሃል እያልኩ እስከዚያች ቀን ቆየሁ።

ክቡር ዲን፣ እርስዎ በብዙ ኃላፊነት የተጠመዱ ሰው ስለሆኑ ጨለማ እንዲሁ የሚገኝ ነገር ቢመስልዎት አይፈረድብዎትም። እኛ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ጨለማ ለመሥራት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ፈጅተናል። በበሩ ሥር የሚገባውን ብርሃን በአሮጌ ብርድ ልብስ ደፈንን። በጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ያለችው የምስማር ቀዳዳ ሟች ሆኖ የሚጫወተው ጓደኛችን ግንባር ላይ በትክክል እያነጣጠረች ስላስቸገረችን፣ የመድረክ ግንባታ ተማሪዎች ጣሪያ ላይ ወጥተው በሬንጅ ዘጓት። በግድግዳው ማብሪያ ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ በማስቲካ ሸፈንናት። ለመስኮቶቹ ደግሞ አባቴ የደንበኞቹን ሥራ ከጨረሰ በኋላ እየተቀመጠ ጥቁር ጨርቅ ድርብ አድርጎ ሰፋልን። ለምን ድርብ እንደሆነ ስነግረው እንኳ ሳቅ ብሎ ስፌቱን ቀጠለ። በዚህም አላበቃ፤ በተውኔቱ ውስጥ የስፌት መኪና ስለምታስፈልግ የራሱን መኪና አውሶን በዕለቱ ሱቁን ዘግቶ መጣ።

ተውኔቱን የጻፈችው የክፍላችን ልጅ ናት፤ ታሪኩም ረጅም አይደለም። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ይታመማል። ሁለት ልጆቹ ከሞተ በኋላ መኪናዋ የማን እንደምትሆን እዚያው ፊቱ ይጨቃጨቃሉ። እሱ ግን የጀመራትን እጅጌ ለመጨረስ እየሰፋ ሳለ እጁ ይቆማል። ከላዩ የተንጠለጠለችው አምፖል ቀስ እያለች ትደክምና ድርግም ትላለች። በዚያ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ሟቹ ከመድረክ ይወጣል፣ ተመልካቹም መኪናዋ ብቻዋን ስትሰፋ ይሰማል። ከዚያ አንዲት ቀጭን ብርሃን ብቅ ትልና ባዶውን በርጩማ ታሳያለች። የእኔ የአራት ዓመት ትምህርት ውጤት ያለው በዚያ ጨለማና በዚያች ቀጭን ብርሃን ላይ ነው። ይህን ካስረዳሁ ዘንድ፣ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና አዘል ማስታወሻ ልበላቸውና፣ ነጥቦቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ጨለማው በሆነ ጊዜ ላሳዩት የአመራር ብቃት ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በዚያ ሳምንት መብራት ሲጠፋ ሲመጣ ስለሰነበተ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት በመጡት እንግዶች ፊት እንዳናፍር በማሰብ የኮሌጁን ኤሌክትሪሺያን፣ እኛ በፍቅር ጋሼ ፊውዝ የምንላቸውን፣ ከአዳራሹ በር አጠገብ ዘብ እንዲቆሙ ማዘዝዎን ኋላ ነው የሰማሁት። አምፖሏ ድርግም ስትል እርስዎ ብድግ ብለው “አይዟችሁ፣ ተረጋጉ፣ አሁን ይመጣል” አሉ። ተመልካቹ ከመጀመሪያውም የተረጋጋ ስለነበር መመሪያዎን ለመፈጸም አልተቸገረም። ጋሼ ፊውዝ ግን ድምፅዎን ሲሰሙ የአዳራሹን መብራት በሙሉ ቦግ አደረጉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብረን አይተነዋል። ሟቹ ጫማውን በብብቱ ሸጉጦ፣ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ወደ መጋረጃው ሲሾልክ መሃል መድረክ ላይ ተያዘ። የሚያደርገው ቢጠፋው ለእንግዶቹ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ልጆቹ ደግሞ መብራት ሲመጣ አልቅሱ ተብለው ስለተለማመዱ፣ አባታቸው ከነሕይወቱ ቆሞ እያያቸው ባዶውን በርጩማ አቅፈው ተንሰቀሰቁ። የድምፅ ተማሪው ተው ያለው ስላልነበረ የስፌት መኪናዋን ድምፅ አላቋረጠም። እርስዎም ጭብጨባውን አስጀመሩ። ከእንግዶቹ አንዱ ሽማግሌው መዳኑን በጣም እንደወደዱት፣ ወጣቱ ትውልድ እንዲህ ተስፋ ያለው ነገር መጻፉ እንዳስደሰታቸው ሲናገሩ ደራሲዋ ጓደኛችን መጋረጃውን ነክሳ ታለቅስ ነበር።

ሁለተኛ፣ እዚያው መድረክ ላይ ወጥተው ስለ መብራቱ መቋረጥ እንግዶቹን ይቅርታ ስለጠየቁልኝ፣ ጋሼ ፊውዝንም ለፈጣን ምላሻቸው በሰው ፊት ስላመሰገኑልኝ ባለውለታዬ ነዎት። በጋሼ ፊውዝ ቅር አልተሰኘሁም። በተውኔቱ ውስጥ መብራት እንደምናጠፋ ቀድመን ነግረናቸው እንደነበር ሳስታውሳቸው “እኔ የታዘዝኩት መብራት ከጠፋ አብራ ነው፤ ማን አጠፋው ብለህ ጠይቅ አልተባልኩም” አሉኝ። ከውጭ የመጡት ፈታኝ ግን ያላዩትን ጨለማ ማረም እንደማይችሉ በትሕትና ገልጸው፣ ለሟቹም ለአልቃሾቹም ጥሩ ውጤት ሰጥተው፣ እኔን “ያልተሟላ” ብለውኝ ሄዱ። ድጋሚ ፈተናዬ የፊታችን ሐሙስ ነው። ሐሙስ ካልተሳካልኝ ጓደኞቼ ጋዋናቸውን ሲለብሱ የእኔ ድርሻ ፎቶ ማንሣት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ከትርኢቱ ማግስት ያወጡት “በማንኛውም ዝግጅት ወቅት መብራት ማጥፋት በጥብቅ የተከለከለ ነው” የሚለው ማሳሰቢያ በትምህርታችን ላይ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በሚያዘጋጁት ተውኔት ውስጥ ሌሊት ሌባ ይገባል። አሁን ሌባው የሚገባው አምፖሎቹ ሁሉ ቦግ ብለው ሲሆን፣ የቤቱ ባለቤት እንዳያየው ዐይኑን በእጁ ሸፍኖ ይተባበረዋል። ሌባው በጨለማ እየተደናበረ ሣጥን እንዲፈልግ ስለተጻፈ፣ ፊቱ ተገትሮ የሚታየውን ሣጥን እየዘለለ ያልፋል። የትወና መምህራችን ይህን ካዩ ጀምሮ የራስ ምታት ክኒን ከኪሳቸው አይለይም።

ስለዚሁ ጉዳይ ላነጋግርዎ ቢሮዎ መጥቼ፣ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ወጥተዋል፣ ገብተዋል ግን ስብሰባ ላይ ናቸው እያለችኝ ደጋግሜ ከተመላለስኩ በኋላ፣ በመጨረሻ ደረጃው ላይ አግኝቼዎት ነበር። በአባታዊ ፈገግታ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ “ልጄ፣ መብራት እየተማረ መብራት አጥፉልኝ ብሎ የሚለምን ተማሪ ከአንቺ በቀር አጋጥሞኝ አያውቅም” አሉኝ። ይህን አባባልዎን ለጓደኞቼ ሁሉ አጫውቻለሁ። በጣም ስቀናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

አራተኛው ስለ ጥቁር ጨርቆቹ ነው። መስኮቶቹ አየር እንዲያስገቡ በማሰብ ማስወረድዎ ተገቢ ነው፤ የት እንደገቡ ግን የሚነግረን ጠፍቶ ነበር። ደግነቱ በቅርቡ በተካሄደው የትምህርት ጥራት ዐውደ ጥናት ላይ ወንበር እንድንደረድር ስንጠራ፣ በተሳታፊዎቹ ጠረጴዛዎች ላይ ተነጥፈው አገኘኋቸው። የአባቴን ስፌት የትም አውቀዋለሁ። ስለ ትምህርት ጥራት ሲመከር እሱም በበኩሉ ከውሃ ጠርሙሶቹ ሥር ተገኝቶ ድርሻውን ተወጥቷል።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ይቅር። ከዚህ ይልቅ ስለ አባቴ ልንገርዎት።

ከትርኢቱ በኋላ የመኪናዋን አናት በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ታክሲ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እስከ ሱቁ ድረስ አቅፎ ይዟት ሄደ። እኔ ዐፍሬ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ትርኢቱን ስታይ ይገባሃል ስለው ቆይቼ ያሳየሁት ጫማውን ይዞ የሚሾልክ ሟች ነው። ሱቁ ገብተን መኪናዋን ወደ ቦታዋ ስንመልሳት፣ ቡሎኗን እያጠበቀ፣ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

“ያ ጨለማ ያንቺ ሥራ ነበር?”

አዎ አልኩት።

“አባቴ የሞተ ዕለት ልክ እንደዚያ ነበር የሆነብኝ። መኪናዋ የእሱ ነበረች፤ መስፋት ስትጀምር እሱ መስሎኝ እጄን ልዘረጋ ስል አበሩት። ለምን ቀሙን?”

ክቡር ዲን፣ አለቀስኩ። በዚያች ቅጽበት አባቴ ምን እንደምማር ገብቶት ነበርና ያለቀስኩት በሐዘን ብቻ አልነበረም። ለጥያቄው መልስ ያለው ግን እርስዎ ዘንድ ስለሆነ፣ እነሆ በአክብሮት አስተላልፌዋለሁ።

እዚህ ላይ፣ ለፍትሕ ያህል፣ አንድ ነገር ልመስክርልዎ። ፈታኙ ጨለማዬን አላየሁም አሉ፣ እንግዶቹም ሽማግሌው ዳነ ብለው ሄዱ። በአዳራሹ ውስጥ ጨለማዬን ከልባቸው ያመኑት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ አባቴ፣ ሌላው እርስዎ። እሱ እጁን ሊዘረጋ ተነሣ፣ እርስዎ ኤሌክትሪሺያን ጠሩ። ሥራዬን አይቶ እውነት መስሎት ከወንበሩ የተነሣ ባለሥልጣን ማግኘቴ ትልቅ ክብር ስለሆነ፣ ከፈታኙ ያጣሁትን ውጤት ከእርስዎ እንዳገኘሁት እቆጥረዋለሁ። ሆኖም ሬጅስትራሩ ይህን አይቀበልም፤ ጠይቄያለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ ይህች ናት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ለአንድ ተውኔት ያህል ብቻ፣ ማሳሰቢያዎ ከግድግዳው ሳይወርድ ዐይኑን እንዲጨፍንልን ይፍቀዱ። ጋሼ ፊውዝ ተጋብዘዋል፤ ሁለቱንም እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሊቀመጡ ቃል ገብተውልኛል። ለእርስዎም ያው የፊት ወንበር ተይዞልዎታል። አምፖሏ ድርግም ስትል አይነሡ፣ አያረጋጉን፣ ይመጣል አይበሉን። ይመጣል፤ የማመጣው እኔ ነኝ። ጨለማው ከከበደዎት ከአጠገብዎ የሚቀመጠውን ሰውዬ ክንድ ይያዙ። አባቴ ነው፤ ከሰው ጋር መጨለም አይከብደውም። መኪናዋ መስፋት ስትጀምር ግን ክንዱን ይልቀቁለት፤ እጁን የሚዘረጋበት ጊዜ ነው።

ጤናና ዕድሜ፣ ማስተዋልና ትዕግሥት፣ በተለይም ከወንበር ጋር መስማማትን እየተመኘሁ፣ በፊትዎ ለጥ ብዬ እጅ የምነሣ፣ መብራት ለማጥፋት ፈቃድ ፈላጊ የመብራት ተማሪዎ ነኝ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጥቁር ጨርቆቹ እስከ ረቡዕ እንዲመለሱልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ዐውደ ጥናቱ ላይ ሻይ እንደፈሰሰባቸው አይቻለሁ፤ ይህ ግን ከቶ አያሳስብዎ። ጨለማ ውስጥ የማንም ነውር አይታይም፤ መብራቱን ካላበሩት በቀር።