ሰባት ኪሎ ከሩብ

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 22 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቸኮል፣

ከልምምድ ሜዳ ስትመለስ የሚጠብቅህ ሰላምታ ከእኔ ከእህትህና ከአባባ ይድረስህ። እኛ እግዜር ይመስገን አለን።

በመዶሻ ውርወራ ለአፍሪካ ሻምፒዮና መመረጥህን በሬዲዮ ሰማን። አባባ እጀታውን ማን እንደሚያበጅልህ ጠየቁኝ። እጀታው ሽቦ፣ ጫፉም የብረት ኳስ ነው ብላቸው አላመኑኝም። ክብደቱ ሰባት ኪሎ ከሩብ መሆኑን ስነግራቸው ግን ጀብሪል እህል መደብር ይዘውኝ ሄደው ያንኑ ያህል የሚመዝን ድንጋይ አስመረጡኝ። ሚዛኑ ሥራ ፈት ስለሆነ ጀብሪል እስኪበቃን ታገሠን።

ከዚያ ወዲህ አባባ አንድ ቀን ድንጋዩን ከደጃፍ ወደ አጥሩ፣ በማግስቱ ከአጥሩ ወደ ደጃፍ ያደርሳሉ። «ልጄ ብቻውን አይልፋ» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን በአንድ እጃቸው ነበር፤ አሁን መሀል ላይ አስቀምጠው ያርፋሉ። ራት ላይም በልቻለሁ እያሉ ድርሻቸውን ወደ እኔ ይገፋሉ። ጎረቤቶቻችን እነ ይርገዱ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ደሴ ስለሄዱ መንደሩ ጭር ብሏል፤ የማወራው ከእሳቸው ጋር ብቻ ነው።

ቤት ልምጣ ብለህ ልምምድህን እንዳታቋርጥ ብለዋል። እኔም እንደዚያው እላለሁ። ብቻ ውድድሩ መቼ እንደሚያልቅ ጻፍልኝ።

ዛሬ ረፍዷል፤ አባባ ገና አልተነሡም። ሲወጡ እንዳይከፋቸው ድንጋዩን እኔ አጥሩ ጋ አድርሼላቸዋለሁ። ለካ ይከብዳል።

ክንድህን እግዜር ያበርታልህ።

እህትህ ንግሥቴ