ጣፊያዬን በስልክ ለሚያስወጉት ዶክተር

ለተከበሩ ዶክተር ዘመነ፣
የወጣት ተመራማሪ ሐኪሞች ዋና አሠልጣኝ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ፎገራ ሜዳ ወለል ያለ፣ እንቅልፍዎም ከቶ የማይቋረጥ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከጣፊያዬ በስተቀር ደህና ነኝ።

አሸናፊ በላይነህ እባላለሁ፤ የወረታ ልጅ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው መስከረም አባቴ የሩዙን አረም ትተህ የት ልትሄድ ነው እያለኝ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርጄ፣ ትኩሳትና የሆድ እብጠት ይዤ ተመለስኩ። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣው፣ ጣፊያ የሚያሳብጠው ካላዛር ሳይሆን አይቀርም ተባልኩ። የጣት ደም ምርመራው ቁርጡን ስላልተናገረ፣ ጣፊያዬ በመርፌ ተወግቶ ለምርመራና ለሠልጣኞቹ ጥናት ናሙና እንዲወሰድ ለረቡዕ ጠዋት ተቀጥሯል። የምትወጋኝ እርስዎ የሚያሠለጥኗት ዶክተር አምሳል ናት፤ በእኅትህ ዕድሜ ነኝና አንቺ በለኝ ብላኛለች። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. ለሥልጠናው መክፈቻ ወረታ ድረስ ስለመጡ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወጣት ተመራማሪ የሚበስለው ከአሠልጣኙ እጅ ሥር ነው ብለው ሲናገሩ እኛ ታማሚዎች እንኳ በመስኮት አጨብጭበናል። የእጅ ሥራው ልምምድ ሲደርስ ግን ሳይመሽ ባሕር ዳር ለመግባት ተነሡ፤ እጅዎም አብሮዎት ሄደ።

፪. በስልክ ስላልተለዩዋትም አመሰግናለሁ። መርፌው ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ስትጠይቅዎ፣ በርቺ፣ ልምድ ራሱ ይመራሻል ብለዋታል፤ የስልኳ ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። ልምዱ የሚገኘው ከእኔ ሆድ መሆኑን ሳስብ ለሳይንስ ያለኝ ፍቅር ትንሽ ይቀንሳል።

፫. ዶክተር አምሳል ሌላ ዘዴ ቢቸግራት ከሥጋ ቤት የበሬ ጣፊያ ገዝታ በሳህን ላይ ስትለማመድ አየኋት። ነርሷ ደርሳባት፣ በሬውማ ምንም አላለሽም ብላ አሾፈችባት። ችግሩ በሬው አይተነፍስም፤ እኔ እተነፍሳለሁ። መርፌው በውስጤ ሳለ ከተነፈስኩ ጣፊያው ሊሰነጠቅ፣ ደሙም ወደ ውስጥ ሊፈስ እንደሚችል እሷው ሳትደብቅ ነግራኛለች። ከዚያ ወዲህ ትራሴን አቅፌ ትንፋሽ መያዝ እለማመዳለሁ። እኔም ያለ አሠልጣኝ ሠልጣኝ ሆኛለሁ ማለት ነው።

፬. ለምን ይምጡልኝ አትያቸውም ብዬ ጠየቅኋት። እርስዎ ግድግዳ ላይ በሥዕል አንዴ አሳይተው ገባችሁ ወይ ሲሉ ሠልጣኞቹ ሁሉ ገብቶናል እንዳሉ፣ ታላቅ ሰውን ይድገሙልኝ ማለት እንደሚያሳፍራት ነገረችኝ። አልፈረድኩባትም። በእኛ አገር ለትልቅ ሰው አልገባኝም የሚል ገና አልተወለደም። አባቴም ስለ ጥናቱ ሲብራራለት ገብቶኛል እያለ ራሱን ሲነቀንቅ ቆይቶ፣ ከግቢው ከወጣን በኋላ፣ ለመሆኑ ምንህን ነው የሚወጉህ አለኝ። እኔም ተስማምተሃል ወይ ስባል ነቅንቄያለሁ። እንዲህ ሁላችንም እየነቀነቅን ረቡዕ ደረሰ።

ስለዚህ ነውሩን በሁላችንም ስም እኔ ልውሰደው፦ አልገባንም፤ እንደገና ያሳዩን።

ማሾፉን ልተወውና፣ ፈርቻለሁ። ዶክተር አምሳልን ንቄ አይደለም፤ ትኩሳቴ ሲነሣ አጠገቤ የምትቀመጠው እሷ ናት። ነገር ግን በሳህኑ ላይ እንኳ መርፌውን ደጋግማ ስትስት አይቻለሁ። በእሷ እጅ መሞት አልፈልግም፤ እሷም እኔን ገድላ ከዚያ ወዲያ ሐኪም መሆን የምትችል አይመስለኝም። ረቡዕ ጠዋት መጥተው ከጎኗ ይቁሙላት፤ ካልተመቸዎትም እስኪመቸዎት ቀጠሮው ይተላለፍ ብለው ይደውሉላት። እሷ አትጠይቅዎትም።

ዕድሜዎ ከሠልጣኞችዎ ታማሚዎች ዕድሜ የረዘመ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ይህም ከባድ ምኞት እንዳልሆነ እያወቅሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በተያዘ ትንፋሽ እሰናበትዎታለሁ።

የጣፊያው ባለቤት፣
አሸናፊ በላይነህ
ከወረታ

ማስታወሻ፦ የሠልጣኞቹ ምርቃት ሐሙስ እንደሆነ፣ ድንኳንም እንደሚተከል ሰምቻለሁ። ረቡዕን ዘልለው ለሐሙስ ብቻ ከመጡ፣ በወረታ ሁለት ድንኳን ሊጠብቅዎት ስለሚችል የትኛው የምርቃቱ፣ የትኛው የእኛ ቤት እንደሆነ ከመግባትዎ በፊት ቢጠይቁ መልካም ነው።