በቁመቱ የተሰነጠቀው ዘንግ

የቡ፣ ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ውድ ተክለጻድቅ፣

«ያ ኢንጂነር ስድስት ዓመት ሩሲያ ተቀምጦ የተማረው ብረት ማቀዝቀዝ ነው አሉ» ስትል የምድጃችንን እሳት የምታነደውን ሶረቲን ሰማሁና አመንኩ። ለማቀዝቀዝማ በረዶ አገር መሄድህ አግባብ ነው። የኛ ወንዝ ግን ያንኑ ሥራ ያለ ዲግሪ ይሠራዋል።

በቅጣት ከተዛወርክበት ከሸቤ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። «አሻጥረኛ አለመሆኔን ካልመሰከርክልኝ ከዚህ የጆንያ መጋዘን አልወጣም» ትላለህ። አልመሰክርም።

ከእሳቱ በላይ የቡና ማድረቂያውን ትሪ አንጠልጥሎ የሚይዘውን ዘንግ እኔ ብረት አቅልጬ በቀን ሃያ አፈስስ ነበር። አንተ ለአንዱ ቀኑ አልበቃህም። ቅልጡ የፈሰሰበትን ቅርጽ ከላይ እያጋልክ፣ ከታች በውሃ እያቀዘቀዝክ፣ ሙሽራ ከበቅሎ እንደሚያወርድ ሰው ቀስ አድርገህ ስታወርደው «ምን እየጠበቅን ነው?» አልኩህ።

«ክሩ ከታች ወደ ላይ ይብቀል እንጂ! በቅይጡ ውስጥ ጠንካራው ክፍል እንደ ክር ባንድ አቅጣጫ ከተሰለፈ፣ ዘንጉ ቢግልም አይለጠጥም» አልከኝ።

ብረት ሲበቅል የሰማሁት ካንተ ነው። የዘመቻ ኮታ ግን በቡቃያ አይሞላም።

ዘንግህ በታየበት የሠራተኞች ስብሰባ ቀን ሰብሳቢው ጓድ ለይኩን «እስቲ ይፈተን!» ሲሉ መዶሻ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያንተን ዘንግ አጋድሜ ጎኑን በመዶሻው አቀመስኩት። እንደ ማገዶ በቁመቱ ለሁለት ተሰነጠቀ።

«ኩን ማሊ! ምንድን ነው ይሄ? እንጨት ነው እንዴ?» አለች ሶረቲ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አንተ ብቻ «በጎኑ አይደለም! ሸክሙ የሚጎትተው በቁመቱ ነው፤ ሳቡት እንጂ አትምቱት!» እያልክ ትጮህ ነበር። ማን ይስባል? የሰው ልጅ ብረት የሚፈትነው በመዶሻ ነው።

«የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ጅማ ለውጭ አገር ትምህርት አብረን ተፈተንን፤ አንተ ሩሲያ ሄድክ፣ እኔ አካፋ ያዝኩ። ይሁን ብዬ ነበር። ተመልሰህ መጥተህ፣ በገዛ ማቅለጫዬ ፊት፣ በሠራተኛ ፊት «ዘለቀ፣ አትቸኩል» ስትለኝ ግን ይሁን አላልኩም።

ስለዚህ ፊርማዬን አትጠብቅ። እዚያው ጆንያህን ጠብቅ። ሁለተኛም እንዳትጽፍልኝ።

የቀድሞ ጓደኛህ፣
ዘለቀ

ከጻፍኩልህ አይቀር፦ ከስብሰባው በፊት ካንተ ዘንጎች አንዱን ምድጃው ላይ ሰቅለኸው ነበር። አጠገቡ ያሉትን ሦስቱን የእኔን ግን በሙቀቱ እየተለጠጡብኝ ዘንድሮ ብቻ አራት ጊዜ ቀይሬያቸዋለሁ። ያንተ እንደተሰቀለ ነው።