ከቡፌው የወጣው ራውተር

ሰኞ

መጀመሪያ ይህ ይታወቅ፦ ራውተር ኢንተርኔት አያመነጭም። ከኔትወርክ ማማው የመጣለትን ተቀብሎ ቤት ውስጥ ያከፋፍላል። ያልመጣለትን ሊያከፋፍል አይችልም። ይህን ዛሬ ለባለቤቴ ለወርቄ ደጋግሜ አስረዳሁ። «ታዲያ እሷ ራሷ ምን ሠራች?» አለችኝ ሳጥኗን እያየች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ክፍል ውስጥ ቢሆን ነጥብ እሰጣት ነበር።

የገዛሁት አራዳ ገበያ ነው። ባለ ሲም ካርድ፣ ባለ ሁለት አንቴና፣ ከመደርደሪያው ሁሉ ርካሹ። ሻጩ ባለ አራት አንቴናውን ሊያስገዛኝ ብዙ ደከመ። «ጋሼ፣ ይሄ ቤተሰብ ላለው ሰው ይንቀራፈፋል» አለ። ቤተሰቤ እኔና ባለቤቴ ነን፣ እሷም ስልክ የምታነሳው ሲጠራ ብቻ ነው አልኩት። ስቆ ጠቀለለልኝ።

የገዛሁበትን ምክንያት ልጻፍ። የቀድሞ ተማሪዬ ስናፍቅሽ ትክል ድንጋይ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። የፊዚክስ መምህራቸው ከተዛወረ ወዲህ ምትክ አልመጣም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች መጽሐፉን ብቻቸውን እያገላበጡ ወደ ፈተናው እየሄዱ ነው። በቪዲዮ ላስተምርላችሁ አልኳት። ጉልበቴ መንገዱን አይችለውም፤ ድምፄ ግን ጡረታ አልወጣም። ርዕሰ መምህሩ ለሙከራ የቅዳሜን ጠዋት ክፍለ ጊዜ ፈቀደ። ከሠራ በየሳምንቱ ይቀጥላል፣ ካልሠራ ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ይሰጣል።

ማክሰኞ

መመሪያውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። ሰው ሁሉ ከመካከል ይጀምርና ዕቃውን ይረግማል። ሲሙን መጀመሪያ ገልብጬ ከትቼው ኖሯል፤ አስተካከልኩ። የይለፍ ቃሉ ከሥሩ በተለጠፈ ወረቀት ላይ በጉንዳን እግር ተጽፏል፤ በማጉያ መነጽር አነበብኩት። ከዚያ በራሴ ቃል ቀየርኩት። የኔትወርኩን ስም «ፊዚክስ» ልለው ፈለግሁ፤ በላቲን ፊደል ካልሆነ አልቀበልም አለ። እሺ፣ በላቲን ይሁን።

ስልኬ ላይ «ተገናኝቷል» የሚል ሲመጣ ተነሥቼ ቆምኩ። ማንም አልረዳኝም።

ቦታውንም አሰብንበት። ቡፌው ውስጥ፣ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ የሰርጋችንን ትልቁን የብረት ትሪ አስደግፈን አስቀመጥነው። ወርቄ ቴሌቪዥኑ የለበሰውን ዓይነት ዳንቴል ጣል አደረገችበትና የቡፌውን መስታወት ዘጋች። የክብር ዕቃ የክብር ቦታ አገኘ።

ረቡዕ

መጥፎ ቀን።

ከስናፍቅሽ ጋር ሙከራ አደረግን። «ጋሼ፣ አፍዎ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም» አለች። ቀጥላ፣ «አሁን ደግሞ እጅዎን እንደዘረጉ ሐውልት ሆነው ቀሩ።» ከዚያ ጭራሹን ተቋረጠ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «እኔ አላልኩም ጋሼ?» አለ። ብሏል። ግን ባለ ሁለት አንቴና መሆኑ ምክንያት ስለመሆኑ ማስረጃ የለውም። ያለ ማስረጃ ደግሞ አልቀበልም።

አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ሲሙን አውጥቼ ስልኬ ውስጥ ከተትኩት፤ ቪዲዮው ያለ ምንም እንከን ሄደ። ስለዚህ ሲሙ ደህና ነው፣ ማማውም ደህና ነው። ጥፋቱ ከሳጥኗ ወይም ከእኔ ነው። ወርቄ «እስቲ መታ መታ አድርገው» አለች። የድሮ ሬዲዮናችንን እንደዚያ ነበር የምታስነሳው።

ስናፍቅሽ መልሳ ደወለች። ርዕሰ መምህሩ ሙከራውን አይቶ «አዛውንቱን አናድክማቸው» ብሏል አለችኝ። ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አላሰበም። ቢሆንም እራቴን አልበላሁም።

ሐሙስ

አገኘሁት!

ጠዋት የቡፌውን መስታወት ከፍቼ ዳንቴሉን ገለጥኩ። የራውተሩ መብራት ቀይ ነው። ሲግናል ደካማ ሲሆን ቀይ እንደሚበራ መመሪያው ላይ አንብቤያለሁ፤ ግን መብራቱ ዳንቴል ለብሶ ማን ይየው? አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አደረግሁት፤ አረንጓዴ። መለስኩት፤ ቀይ። ዳንቴሉን ብቻ አነሣሁ፤ ቀይ። ትሪውን ብቻ አነሣሁ፤ አረንጓዴ።

ትሪው! ከራውተሩ ጀርባ፣ በማማው በኩል፣ እንደ በር ተገትሮ። ዕድሜዬን ሙሉ ሞገድ ብረት ሲያገኝ ይመለሳል ብዬ ሳስተምር ኖሬ፣ ቤቴ ውስጥ ሞገዱን በሰርጌ ትሪ መለስኩት።

ሳቄን አልቻልኩም። ወርቄ ከጓዳ መጣች።

«ምነው? ብቻህን ትስቃለህ እንዴ?»

«ትሪሽ ነው ጉድ የሠራን።»

«ትሪዬ ምን አደረገህ! እኔን ካገባህ ጀምሮ አንድ ቀን አፍ አውጥቶ ተናግሮህ ያውቃል?»

ራውተሩን መስኮቱ አጠገብ ሚስማር ላይ ልሰቅለው ነው ስላት ግን መሳቋን አቆመች። «ገንዘብ የወጣበትን ዕቃ እንደ ቁልፍ ሚስማር ላይ? አቧራ ሲጠጣ? እንግዳ ሲመጣ ምን ይላል?» ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የመስኮቱ ደፍ ላይ እንዲቀመጥ ተስማማን። ዳንቴሉ ከላዩ ሳይሆን ከሥሩ ይነጠፍለታል። ሸጋ ስምምነት ነው።

ዓርብ

ከስናፍቅሽ ጋር ሁለተኛ ሙከራ። ድምፅ ደህና፣ ምስል ደህና። ምን እንዳደረግሁ ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም። ነገ ከልጆቹ ጋር ትስማው።

ያዘጋጀሁትን ትምህርት ቀየርኩ። ስለ ሞገድ ይሆናል። ሰሌዳውን ቡፌው ላይ አስደግፌዋለሁ። ወርቄ ሸሚዜን ተኮሰች። «ለስልክ ክራቫት ታስራለህ?» አለች። ለተማሪ ነው የማስረው።

ቅዳሜ

አስተማርኩ።

ክፍሉ ሞልቷል። ስናፍቅሽ ስልኳን ሰሌዳው ሥር ወንበር ላይ አቁማዋለች። ርዕሰ መምህሩ ከኋላ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሞገድ ብረት ሲያገኝ ምን ይሆናል? ስል በአንድ ድምፅ «ይመለሳል!» አሉ። ከመጽሐፉ ሸምድደውታል። አይታችሁታል? ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ።

ለወርቄ ምልክት ሰጠኋት። «የሰርጌን ትሪ ለዚህ አበቃኸው» እያለች በራውተሩና በመስኮቱ መካከል ገተረችው። የልጆቹ ምስል ባለበት ደረቀ፣ አንዱ አፉን እንደከፈተ። ባይመለስስ? ትሪውን አነሣች። ጥቂት ቆይቶ ምስሉ መጣ። ክፍሉ ተንጫጭቷል። ርዕሰ መምህሩ ተነሥቶ እጁን የበሩ እጀታ ላይ አድርጓል።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ «አያ፣ ምነው ጠፉብን?» አለች።

«አልጠፋሁም ልጄ። ትሪ ጋረደኝ።»

ትሪውን አሳየኋቸው፤ የቡፌውን ነገር ከነዳንቴሉ አጫወትኳቸው። ሳቃቸው እዚህ ሳሎናችን ድረስ ሞላ። ርዕሰ መምህሩ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሳቁ ሲበርድ ያቺው ልጅ እጇን አወጣች። «አያ፣ የእኛ ቤት ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ስልክ ሲደወል ደጅ ወጥተን የምናወራው ለዚህ ነው?»

እኔ አልነገርኳትም። መጽሐፉም ውስጥ የለም። ራሷ ደረሰችበት። ሳልመልስላት ተነሥታ የስናፍቅሽን ስልክ ከወንበሩ አነሣችና መስኮቱ ደፍ ላይ አቆመችው። ፊታቸው ሁሉ ጠራልኝ። ዞር ስል ወርቄ ትሪውን እንዳቀፈች ቆማ፣ «ይቺ ልጅ ካንተ ትቀድማለች» አለች።

ትቀድማለች። እንዲህ ያለ ጠዋት ካየሁ ቆይቻለሁ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልኬን አየሁ። ከስናፍቅሽ አጭር መልእክት፦ ርዕሰ መምህሩ ነገ ከመምህራኑ ጋር ተነጋግሮ ይወስናል። ስለ ትምህርቱ ምን እንዳለ አልጻፈችም። ዝምታው ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም። ራውተሩ አረንጓዴ ነው፤ በእኔ በኩል ያለው ተሟልቷል።

የጻፍኩላትን እዚህም ልገልብጥ፦

«ስናፍቅሽ፣ ለመጪው ቅዳሜ ስለ ብርሃን መንጸባረቅ አዘጋጅቻለሁ። ልጆቹ መስታወት ያላቸው ይዘው ይምጡ፣ የሌላቸው የተወለወለ የብረት ሳህን ይበቃቸዋል። ስልክሽን ያነሣችውን ልጅ ስም ላኪልኝ፤ በስሟ ልጠራት እፈልጋለሁ። ርዕሰ መምህሩ እሺም ቢል እምቢም ቢል ሳትውይ ሳታድሪ መልሽልኝ። ወርቄ ትሪዬ ወደ ቡፌው ይመለስ ወይስ ለትምህርት ይቆይ እያለች ነው፤ እኔም የምላት አጥቻለሁ።»