ከስድስት ሰው የማይበልጥ

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ
ጥር 17 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእትዬ አያልነሽ፣

ከልብ የሆነ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ስለ ጤናዬ ጠይቀሽኛል፤ ቆሜ እሄዳለሁ። ነጋዴው ኑሬ በሞያሌ በኩል ያመጣልኝን ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ልጄ ሰው አገር ቢሞትም በአጎቱ እጅ ነው የሞተው። አንተ ባትኖር ማን ይቀብርልኝ ነበር? እግዜር ይስጥልኝ» ብለሻል። እትዬ፣ ይህን ምስጋና ይዤ መኖር አቃተኝ። መርዶውን የነገሩሽ ሰዎች «ሥራ ላይ አደጋ ደረሰበት» ብቻ ብለው እንዲያበቁ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አሁን ሁሉንም ልንገርሽ።

ገብሬን ከብሔራዊ ውትድርና አሽሽተሽ ወደ እኔ ስትልኪው፣ እኔ የምሠራበት የሕንፃ ተቋራጭ ዘንድ አስቀጠርኩት። ልጅሽ ሰነፍ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ጡብ ሲሸከም ይሰነብትና እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደብተሩን ይዞ አጠገቤ ይቀመጣል። እንግሊዝኛውን ብቻ ሳይሆን ቻይንኛውንም አስተምረኝ ይለኛል። የኔን ቻይንኛ ታውቂያለሽ፤ የወረታው መንገድ ሲሠራ ለቻይና መሐንዲሶቹ ሳስተረጉም የለቀምኩት ነው። በተለይ ልክን፣ ጣሪያን የሚናገሩ ቃላት ይወድ ነበር። በእንግሊዝኛ «አት ሞስት»፣ «ኖ ሞር ዛን»፣ «አፕ ቱ»፣ እስከ እንደ ማለት፣ ብሎ ይጽፋል። ትይዩው በቻይንኛ «ዙይ ዱዎ» ይላል፣ ቢበዛ ማለት ነው፤ ከሥሩ «ቡ ቻው ጉዎ»፣ ከዚህ አይለፍ።

«አጎቴ፣ ‹አፕ ቱ ስድስት› ሲሉ ስድስተኛው ገብቶ ነው ሳይገባ?» አለኝ አንድ ቀን።

«ገብቶ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው እንግሊዞች ለጋስ ናቸው» ብሎ ሳቀ።

ሰኔ ላይ ከቻይና አንድ ዕቃ ማንሻ መጣ። በሽቦ ገመድ እየተሳበ ሲሚንቶና ጡብ ወደ ፎቅ የሚያወጣ የብረት ሳጥን ነው። መመሪያው በቻይንኛ ብቻ ስለነበር አለቃዬ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው ብሎ ሰጠኝ። ጽሑፉ የሚያሻማ አልነበረም፤ ጭነት ቢበዛ አምስት መቶ ኪሎ፣ ገመዱ ቢበጠስ ሳጥኑን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሰው ግን ፈጽሞ አይሳፈርበትም ይላል። ይህንኑ ጽፌ ወሰድኩለት። አነበበና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«ሠራተኛው ስድስት ፎቅ በእግሩ እየወጣ ጊዜዬን ይበላል። ‹እስከ ስድስት ሰው› ብለህ ጻፍ።»

«ቻይንኛው እንዲያ አይልም» አልኩት።

«እዚህ ግቢ ካንተ ሌላ ቻይንኛ የሚያነብ ማን አለ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኪባሊህ የሚያልቀው መቼ ነበር?» አለኝ።

ኪባሊ የሚሉት የሥራ ፈቃዱን ነው። ያለ እሱ እዚህ አገር ሰው አይደለሁም፤ የሚፈርምልኝ ደግሞ አለቃዬ ነው። ጻፍኩለት፣ እትዬ። «አፕ ቱ ሲክስ ፐርሰንስ» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ፤ ከታችም ፈረምኩ።

ሳጥኑ ላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳ በቀይ ቀለም የጻፈው ገብሬ ነው፤ የእጁ ጽሕፈት ያማረ ስለነበር። እየጻፈ ሳጥኑ ላይ የተቀረጸውን የቻይና ጽሑፍ አየ። «ይህችን አውቃታለሁ፤ ‹ሰው› ናት። ከፊቷ ያሉትስ ምንድን ናቸው?» አለኝ።

«ያው ነው፤ አንተ የጻፍከውን ነው የሚለው» አልኩት። ከፊቷ የነበረው «ክልክል ነው» የሚለው ቃል ነው።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አምስት ሆነው ተሳፈሩ። ስድስት እንኳ አልሞሉም። አራተኛው ፎቅ ሲደርሱ ገመዱ ተበጠሰ። ቢሮ ሆኜ ነው የሰማሁት። ሮጬ ስደርስ ገብሬ በጎኑ ተጋድሟል። አንገቱን ደገፍ አደረግሁት። «አጎቴ፣ አምስት ነበርን እኮ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። በእጄ መሞቱስ እውነት ነው። ኦቲየኖ የሚባል ግንበኛ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ አብሮት ሞተ። ሌሎቹ ቆስለው ተረፉ።

መርማሪ መጥቶ ወረቀቴን አነበበ። «እስከ ስድስት ይላል፤ የተሳፈሩት አምስት ናቸው። ጥፋተኛ የለም» ብሎ መዘገበ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። አፌን አልከፈትኩም። በሠልስቱ አለቃዬ ፈቃዴን ፈረመልኝ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት መመሪያውን እንደገና፣ ቃል ሳልጨምር ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩት። መጀመሪያ የኦቲየኖ ሚስት ቤት ሄጄ ነገርኳት። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ልጆቿን ወደ ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋችው። ከዚያ ወረቀቱን ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አስገባሁ።

«ያንንም የፈረምከው አንተ፣ ይህንንም የፈረምከው አንተ። የትኛውን እንመን?» አለኝ ሹሙ።

«ቻይንኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው ፈልጋችሁ ሳጥኑን አስነብቡት» አልኩት።

ሰሌዳው በዚያው ቀን ወርዷል። ማንሻውም ታሽጓል። እኔን አለቃዬ አሰናብቶ ፈቃዴን ነጥቆኛል። ነገ ሰኞ ጠዋት ፓስፖርትህን ይዘህ ኢሚግሬሽን ቢሮ ቅረብ ተብያለሁ። ፓስፖርት እንደሌለኝ ታውቂያለሽ።

የገብሬን ልብስና ፎቶግራፉን ለኑሬ ሰጥቼዋለሁ። መቃብሩን ጸሃይቱ የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ሴት ታውቀዋለች፤ እንደ ልጇ ነው ያለቀሰችለት። የሙት ዓመቱን ጸሎት እሷ ታስደርሳለች። ከእንግዲህ የምትጽፊው ነገር ቢኖር በእሷ ስም ጻፊ፤ በእኔ አድራሻ አትላኪ።

ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። የሐዘንተኛን እንባ የሚያብስ አምላክ አንቺን ያበርታሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የቀሩትን ልጆች ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ታናሽየው በመጪው ዓመት ለውትድርና ዕድሜው ይደርሳል። ወደ ማን እንደምትልኪው አላውቅም። ወደ እኔ ግን አትላኪው።

ወንድምሽ
ዘርይሁን