ጸበልና የሌንሱ ውሃ

ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት
እጄን ታጥቤያለሁ። ግራው ሌንስ ገብቷል። ቀኙ ጣቴ ላይ ተጣብቆ እምቢ አለ። እንደገና... እንባዬ ጠርጎ አወጣው። እንደገና... ገባ! ተመስገን።

ማስታወሻዬ፣ በራችን ላይ ቆሜ ሐይቁን እያየሁ ነው። ድሮ ከታቦር ተራራ ሆኜ ሳየው ለእኔ የተሰጣ ነጭ አንሶላ ነበር። ዛሬ ጀልባ አለው። ጀልባው ላይ ሰው አለ! ማዶ አጥር ላይ የቆመው ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ መላጣ ነው! ለእማዬ ጮክ ብዬ ነገርኳት። እሱንማ አገር ያውቀዋል አለችኝ።

ረቡዕ
ፒያሳ፣ ዶ/ር ማቴዎስ ጋ ለክትትል። ሌንሱን ከአዲስ አበባ ያስመጡልኝ እሳቸው ናቸው። የዓይኔ ፊት ክብ መሆን ሲገባው ሾጣጣ ሆኗል፤ መነጽር አያቃናውም፣ ይሄ ጠንካራ ሌንስ ነው የሚያቃናው።

ወረፋ ላይ ሁለት ሙሽሮች። አንዷ አረንጓዴ ዓይን ፈልጋ፣ ሌላዋ የማር ቀለም። አሁን ሁሉም ሌንስ ሆኗል። አብራኝ የመጣችው ጓደኛዬ ሃና፣ ሙሽራው ቬሎውን ሲገልጥ "የማናት ይቺ?" ብሎ እንዳይመለስ ብላ አሳቀችን። ዶ/ር አልሳቁም። ለውበትም ቢሆን ዓይን ሳይለካ አይሰጡም፤ መዋዋስማ በፍጹም።

ስለ ድሮው ጠየቅኳቸው። የመጀመሪያው ከብርጭቆ ነበር አሉኝ፤ የዓይንን ነጭ ሳይቀር የሚሸፍን፣ ብዙ የማያስቆይ። ከዚያ ፕላስቲክ መጣ፤ አነሰ፣ ቀለለ። ለስላሳውን ደግሞ አንድ ኬሚስት በገና ሰሞን፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በልጆቹ መጫወቻ ብረት በገጣጠመው ማሽን ሠራው። ወይ ጉድ! ያኔ ብርጭቆ ዓይናቸው ውስጥ የከተቱትን ሰዎች ሳስብ ዋልኩ። ለእኔ ብለው እኮ ነው። እግዜር ይስጣቸው።

ዓርብ
ተደወለ!! ያመለከትኩበት የመሬት ቅየሳ ሥራ! የተግባር ፈተና ሰኞ 3 ሰዓት። በመሣሪያው አጮልቆ ሩቅ የቆመ ዘንግ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ነው። ባለፈው ሌላ መ/ቤት የወደቅኩት እዚሁ ላይ ነው፤ አንዱ ቁጥር ሦስት ሆኖ ይታየኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲም ጓደኞቼ እያነበቡልኝ እኔ እያሰላሁ ነው የጨረስኩት። አሁን ግን ራሴ። ራሴ!

ሰኞ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል
የሌንሱን ማስቀመጫ ከፈትኩ። ፈሳሹ ቀጥኗል፤ ጣቴ ላይ አይለሰልስም። እማዬን ጠየቅኳት። ፊቷ በርቶ ነገረችኝ። ያንን "የፋብሪካ ውሃ" ደፍታ፣ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጸበል ሞልታበታለች። ዓይኔን እንዲባርክልኝ። ለፈተናው።

ዶ/ር ማቴዎስ ጋ ደወልኩ። የቧንቧም ይሁን የምንጭ፣ ውሃ የነካው ሌንስ ዓይን ሊያቆስል ይችላል፤ እንዳታደርጊው፣ አሁኑኑ አምጪው አሉ። ታጥቦ፣ በመድኃኒቱ ተዘፍዝፎ እስከ ከሰዓት መቆየት አለበት። ፈተናው 3 ሰዓት! የሚጠሩን ደግሞ በፊደል ተራ። ስሜ ህይወት። የመጀመሪያዋ ነኝ!

እማዬ በር ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ጎዳሁሽ እንዴ ልጄ አለችኝ። ልቆጣ ነበር። ቁጣዬ ጠፋብኝ። ሳምኳትና ሌንሱን ለዶ/ር ላደርስ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ማታ
ፈተናው ቦታ እውነቱን ተናገርኩ፣ ሌላ ምን አለኝ? ፈታኙ ኢንጂነር ግንባራቸውን ቋጠሩ። "እናትሽ ጸበል ጨመሩበት?" አዎ። ከዚያ ሳቁ። የእሳቸው እናት ለፈተና እስክሪብቶአቸውን ጸበል ውስጥ ይነክሩት ነበር! ከሀ ወደ ፐ ወስጄሻለሁ፣ መጨረሻ ግቢ አሉኝ።

ዶ/ር ምሳቸውን ትተው ጠበቁኝ። ሌንሱን በአዲስ ማስቀመጫ ሰጡኝ። በባጃጅ በረርኩ። አጮለቅኩ። አንድ ቁጥር። አንድ ብቻ! ጥርት ያለ።

እማዬን አስረዳኋት። ጸበል ይጎዳል ልትዪኝ ነው? አኮረፈች። ጸበሉ ለእኔ፣ የፋብሪካው ውሃ ለሌንሱ አልኳት። አሰበችበት። "እሱም የራሱ ጸበል አለው በይኛ!"

ሐሙስ
አለፍኩ። አለፍኩ!

ሥራው ከከተማ ውጭ ካምፕ ነው። እማዬ አልቅሳ ጨረሰች። ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ወስኛለሁ። ሻንጣዬ ግራ ኪስ ውስጥ የሌንሱ ፈሳሽ ገብቷል። እማዬ ደግሞ ትንሽ ጠርሙስ ጸበል ሞልታ፣ ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልላ አመጣችልኝ። ላዩ ላይ በትልልቁ "ለግንባር ብቻ" ብላ ጽፋበታለች።

ቀኝ ኪስ ከተትኩት። ሁለቱም ይሄዳሉ።